ዓሣው በፍም፣ ፍሙ በደጅ

በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚተላለፉ የባልትና ዝግጅቶችን የሚከታተሉ እናቶች በቅርብ ጊዜ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሳልመን የተባለው፣ ሥጋው ወደ ብርቱካን ቀለም የሚያደላው ዓሣ በቤት ውስጥ እንዴት በከሰል ይጠበሳል የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ሳልመን የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ በመሆኑ ወደ አገራችን የሚገባው በረዶ ሆኖ ወይም በቆርቆሮ ታሽጎ ነው፤ ዋጋውም የደመወዝተኛን ኪስ ያናጋል። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የምትኖር ሠራተኛ እናት እሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ የምትልክበት ምክንያት ለእኛ አይታየንም። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር፣ ከእንጅባራ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጣና አለ። ለመጥበሻ የሚሆነው ከሰልም በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ከፋግታ ለኮማ ይወጣል። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ሳልመኑን ለባለ አገሩ ትተን የጣናን ዓሣ በፍም ላይ ስለ መጥበስ እናወራለን። በዚያውም ዓሣው ከተበላ በኋላ በምድጃው ላይ ስለሚቀረው ፍም የምንለው አለን፤ ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በይበልጥ የገፋፋንም እሱ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት እንወቅ። በእርባታ የሚገኘው ሳልመን በ100 ግራም ሥጋው ውስጥ 13 ግራም ያህል ስብ ይይዛል። የእኛ ቆሮሶ ግን በ100 ግራም ያለው ስብ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ሰውነት ገንቢ የሆነው ፕሮቲን በሁለቱም 20 ግራም ገደማ ስለሆነ በዚህ በኩል ቆሮሶ የሚያንስበት ነገር የለም። የስቡ ልዩነት ግን እሳት ላይ ይታወቃል። ሳልመን የራሱ ስብ እየቀለጠ ስለሚያርሰው ትንሽ ቢዘነጋም ይታገሣል፤ ቆሮሶ ግን ሰዓቱ ጥቂት ካለፈው እንደ ጭድ ይደርቃል። ለሳልመን የተነገረውን አሠራር እንዳለ ወስደው ዓሣው የደረቀባቸው፣ ወይም ቆዳው በሽቦው ላይ ተጣብቆ የቀረባቸው እናቶች ሙያ ስለሌላቸው አይደለም። የተነገራቸው ስለ ሌላ ዓሣ ስለሆነ ነው።

ከጣና ወደ ገበያ የሚወጣው ዓሣ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። ቆሮሶ ጠፍጠፍ ያለ፣ ቅርፊት የለበሰ፣ ሥጋው ነጭ የሆነ ዓሣ ነው፤ እሾሁም ጎላ ጎላ ያለ በመሆኑ ለመልቀም ይቀላል። ሙሉውን በፍም ላይ ለመጥበስ ከእሱ የሚሻል አናውቅም። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ እንደ ድመት ጢም ያለው ነው። ሥጋው ወፈር ስለሚል ተቆራርጦ ቢጠበስ ደንበኛ ምግብ ይወጣዋል። ሆኖም ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በእምነታቸው ምክንያት የማይበሉ ብዙዎች ስለሆኑ እንግዳ ከመጥራት በፊት ጠይቆ መረዳት ይገባል። ሦስተኛው በብዙ ቦታ ነጭ ዓሣ የሚባለው ነው፤ ጣዕሙ መልካም ሆኖ ሳለ ሥጋው ውስጥ የተበተነው ቀጫጭን እሾህ ያስቸግራል። ለወጥ ካልሆነ በቀር፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ ለፍም ጥብስ አንመክረውም።

ስለ ነጭ ዓሣ ካነሣን አይቀር፣ ከሳልመን ጋር የሚያመሳስለው አንድ ጠባይ አለው። ሳልመን ለመራባት ከባሕር ወደ ወንዝ እንደሚወጣ ሁሉ ከጣና ነጭ ዓሦችም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና ከአዊ ደጋ የሚወርደውን ውኃ ጭምር ሰብስቦ በሚገባው በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይጓዛሉ። እንቁላላቸውን በጠጠር መካከል ጥለው ይመለሳሉ። በዚህ ጉዞ ላይ ሳሉ በወንዙ አፍ መረብ ሲዘረጋባቸው፣ ወይም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ሲበተንባቸው ከዛሬው ዓሣ ጋር የሚመጣውም አብሮ ያልቃል። በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ በ1990ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች ባደረጉት ክትትል የነጭ ዓሣው ብዛት ወደ ሦስት አራተኛ በሚጠጋ መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ለገበያ ቀርባ ብታዩ ትታችኋት ብታልፉ ደስ ይለናል። ገዢ ያጣ ነገር ደግሞ አይመጣም።

የዓሣ ሙያ የሚጀመረው ከግዢው ነው። በማለዳ ከባሕር ዳር የተነሣ ዓሣ በመራዊ፣ በወተት ዓባይና በዱርቤቴ አልፎ ዳንግላ ለመድረስ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥበትም። መንገድ የተዘጋ ወይም መኪና የተበላሸ ዕለት ግን ያው ዓሣ በፀሐይ ላይ ሲንቃቃ ሊውል ይችላል። ሻጩን «መቼ ወጣ? በረዶ ነበረው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ከሻጩ መልስ ይልቅ ግን ዓሣው ራሱ ይናገራል። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ መሆን አለበት፤ የደፈረሰና ወደ ውስጥ የሰረጎደ ዓይን የቆየ ዓሣ ምልክት ነው። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣችሁ መተንፈሻውን ተመልከቱ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ መልካም ነው፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ የሚያዝለገልግ ከሆነ ተዉት። ጎኑን በጣት ስትጫኑት ጎድጎድ ያለው ቦታ ወዲያው መመለስ አለበት። ሽታውም የውኃና የሣር ሽታ እንጂ አፍንጫ የሚወጋ መሆን የለበትም። በሎሚ ብዛት ይጠፋል እያሉ የሚሸምቱ አሉ። ሎሚ ሽታውን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ የተበላሸውን ሥጋ አያድነውም።

ፊሌቶ ሆኖ የተዘጋጀ ዓሣ ድካም ይቀንሳል፤ ይሁንና ዓይኑም መተንፈሻውም አብሮ ስለተጣለ ምስክር የለውም። ሻጩን በደንብ የማታውቁት ከሆነ ሙሉውን ገዝታችሁ እዚያው ፊታችሁ እንዲገፈፍ ብታደርጉ ይሻላል። ባሕር ዳር ለሥራ ደርሶ የሚመለስ ባል ወይም ጎረቤት ካለ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በበረዶ ተከብቦ እንዲመጣ አደራ በሉ። በዝግ ፌስታል ታፍኖ በአውቶቡስ ወንበር ሥር የመጣ ዓሣ ትኩስ ቢሆን እንኳ ይታመማል። ቤት ከደረሰ በኋላም በዕለቱ መሥራት ነው። መብራት በሚጠፋበት ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣን ማመን አያስፈልግም፤ ቀዝቅዞ የነበረና የሟሟ ዓሣም እንደገና በረዶ አይደረግም።

ለአምስት ሰው ቤተሰብ መካከለኛ መጠን ያላቸው ሦስት ቆሮሶዎች ይበቃሉ እንበል። ቅርፊቱን ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ በቢላዋ ጀርባ ፍቃችሁ፣ ክንፎቹን በመቀስ ቆርጣችሁ፣ ሆዱን ሰንጥቃችሁ የውስጡን ሁሉ አውጡ። መተንፈሻውን አለማስቀረት ነው፤ የመምረር ጣዕም የሚያመጣው እሱ ነው። በጀርባ አጥንቱ ሥር ተጋድሞ የሚቀረውን የደም መስመርም በአውራ ጣት ጠርጋችሁ እጠቡ። ከዚያም ዓሣውን በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ይህን የማድረቅ ነገር እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጥሩት አሉ፤ በሽቦው ላይ የሚጣበቀው ግን እርጥቡ ዓሣ ነው። በሁለቱም ጎን ላይ እስከ አጥንቱ የሚደርስ ሦስት ሦስት ሰረዝ በቢላዋ ብታወጡበት ቅመሙም እሳቱም እኩል ይገባዋል።

ቅመሙ እንደ ቤቱ ነው። ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል አብራችሁ ውቀጡ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይትና ጥቂት የተከተፈ የጥብስ ቅጠል ጨምራችሁ ዓሣውን ውጭውንም ውስጡንም እሹት። ለአዋቂዎች ሚጥሚጣ ወይም በዘይት የቀጠነ አዋዜ ይጨመራል፤ የልጆቹን ግን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሎሚ የሚጨመረው ፍሙ ከደረሰ በኋላ፣ ዓሣው እሳት ላይ ሊወጣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከጠዋት ጀምሮ በሎሚ የተዘፈዘፈ ዓሣ ሥጋው ነጥቶ ይፍረከረካል፤ ሥራ ከመሄዴ በፊት ላዘጋጀው የምትል እናት ቅመሙን አዘጋጅታ ሎሚውን ለማታ ብታቆየው ይበጃታል። በጾም ወቅት ዓሣ መብላት አለመብላቱ በየቤቱ ልማድና በንስሐ አባት ምክር የሚወሰን ስለሆነ የምንገባበት አይደለም። ለሚበሉት ግን ከላይ ያለው ዝግጅት ቅቤ የማይገባበት መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ እሳቱ እንሂድ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ በማሳው ላይ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ እየዘራ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያወጣበታል። ከአዲስ ቅዳም የሚጫነው ከሰል ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ተክል መድረቁ ለአካባቢው ገበሬ ትልቅ ሐዘን ሆኗል። እዚያው አጠገብ ላለን ለእኛ ግን ከሰሉ አሁንም ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ከጆንያው ውስጥ በደንብ የከሰለውን ምረጡ። ገና እንጨትነቱ ያልለቀቀው ጉማጅ ይጨሳል፤ ዓሣውንም ጭስ ጭስ ያሰኘዋል። ከሰሉን በፌስታል ወይም በላስቲክ ቁራጭ የማቀጣጠል ልማድ በየግቢው ይታያል፤ ይህ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል፤ የላስቲኩ መርዝ በምግቡም በሳንባም ላይ ይቀመጣልና። ደረቅ ጭራሮ ወይም የዛፍ ቅርፊት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ምድጃው የሚቀመጠው ከቤት ውጭ፣ ዝናብ ከሆነም ነፋስ በሚገባበት የጣራ ክፈፍ ሥር ነው። ከሰሉ ጥቁረቱ ጠፍቶ ዙሪያውን ስስ አመድ እስኪለብስ ድረስ ጠብቁ። በምድጃው አንድ ወገን ፍሙን ደልደል፣ በሌላው ወገን ሳሳ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አንደኛው ለማቃጠል፣ ሁለተኛው ቀስ ብሎ ለማብሰል ያገለግላል። እጃችሁን በሽቦው ከፍታ ላይ ዘርግታችሁ አራት ወይም አምስት እስክትቆጥሩ መታገሥ ከቻላችሁ ሙቀቱ ልክ ነው። ሽቦውን ባዶውን አግላችሁ አጽዱት፤ ከዚያም ለሁለት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርት ዘይት አስነክታችሁ በሹካ ይዛችሁ እሹበት።

ዓሣውን በደልዳላው ፍም ላይ አጋድማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ትልቁ ስሕተት መነካካቱ ነው። ቆዳው በደንብ ሲጠበስ ሽቦውን ራሱ ይለቃል፤ ገና እየያዘ ከሆነ አልደረሰም ማለት ነው። ከአምስትና ከስድስት ደቂቃ በኋላ በጠፍጣፋ ማገላበጫ ከሥሩ ገብታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጡት፤ በዘይት ቅቡት፤ ሁለተኛው ጎኑም ሲቀላ ወደ ሳሳው ፍም አዙሩት። በጥቅሉ ለሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አሥር ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ ገምቱ። መድረሱን ለማወቅ በጀርባው በኩል ወፍራም በሆነው ቦታ ላይ ቢላዋ አስገብታችሁ ገለጥ አድርጉት። ሥጋው የመስተዋት መልኩን ለቆ ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነና ከአጥንቱ ሳይጎተት ከተላቀቀ በስሏል። ቴርሞሜትር ያላቸው ውስጡ 63 ዲግሪ መድረሱን ይመልከቱ። ከዚህ ባነሰ ሙቀት አይወርድም፤ በጣና ዓሣ ላይ ጥገኛ ትሎች መኖራቸው በጥናት የታወቀ ስለሆነ ጥሬውን ወይም ለብ ለብ ያለውን መብላት ለጤና አይበጅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብንጨምር አይከፋም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቅቅል ሁሉ የሚዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍም ግን ከፍታ አያውቅም። ከሥራ መልስ ለምትሠራ እናት፣ ከሰሉ ከተያያዘ በኋላ፣ ከዓሣ ጥብስ የሚፈጥን እራት ጥቂት ነው።

የሽቦ ፍርግርግ የሌላቸው ደግሞ አይቸገሩ። ለድፎ ዳቦ የምንጠቀምበት የኮባ ቅጠል ለቆሮሶም ይሆናል፤ እንዲያውም ስብ ለሌለው ዓሣ ከሽቦው ሳይሻል አይቀርም። ቅጠሉን በእሳቱ ላይ እልፍ አድርጋችሁ ለስለስ ሲል የተቀመመውን ዓሣ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ክትፍ ጋር ጠቅልላችሁ፣ በሌላ ቅጠል ደርባችሁ እሰሩት። በሳሳ ፍም ላይ በእያንዳንዱ ጎን አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል። የላይኛው ቅጠል ይቃጠላል፤ የውስጡ ግን እርጥበቱን ይዞ ዓሣው በራሱ ጭማቂ ይበስላል። ቆዳው ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚልበት ጣዕም ይቀራል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ግን ይህኛው ይመረጣል።

ልጅ ከስድስት ወሩ በኋላ፣ ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ ዓሣ ሊቀምስ ይችላል። ሥጋውን እናቲቱ ራሷ በጣቷ ፈትጋ እሾህ አለመኖሩን አረጋግጣ ከድንች ጋር አልማ ትስጠው። ትልልቆቹ ልጆችም ቢሆኑ እየሳቁና እየተሯሯጡ ዓሣ አይበሉም። እሾህ ጉሮሮ ላይ ቢሰካ ብዙዎቻችን የምናውቀው መድኃኒት እንጀራ ጠቅልሎ ማስዋጥ ነው፤ ይህ እሾሁን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሊሰካው ስለሚችል መተው አለበት። ልጁ ካሳለ በኋላ ካልወጣለት፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተው ወይም ካመመው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እንግዲህ ዓሣው ተበላ። ማታው ቀዘቀዘ። በደጅ ያለው ምድጃ ግን ገና ቀይ ነው፤ ከሰሉም በገንዘብ የተገዛ ነው። በእንጅባራ ብርድ አንድ ክፍል ተከራይታ ከልጆቿ ጋር የምትኖር እናት ያን ፍም እያየች ምን ታስባለች? ምድጃውን ወደ ቤት አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ክፍሉን ልታሞቅ ታስባለች። አሳቧ የርኅራኄ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ማታ በደኅና ተኝቶ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሬሳ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

በሕዝባችን ዘንድ የቆየ አንድ እምነት አለ። ከሰል የሚጎዳው ገና ጥቁር ሳለ ሲጨስ ነው፤ ከቀላ በኋላ ግን ምንም አይል ይባላል። ይህ እውነት አይደለም። ከሰል ሲቀላ የሚጠፋው በዓይን የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን አያስለቅስም፤ አያስነጥስም። ከቀላው ፍም ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ክፍሉ በተዘጋና አየሩ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ይበረታል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ስለሚይዘው አንድ ጊዜ ከገባ በቀላሉ አይለቅም። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። የተኛ ሰው ምልክቱ ሳይሰማው በዚያው ሊያሸልብ ይችላል። ሕፃናትና በማሕፀን ያለ ፅንስ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ።

ለነቃ ሰው ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ምሽት ላይ ራሱን የሚያመው ሰው የቡና ሱስ ነው ብሎ ከሰል ጨምሮ ጀበና ሲጥድ አይተናል፤ ይህ በእሳት ላይ ዘይት ማፍሰስ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። በርና መስኮት በርግዳችሁ ሁሉንም ሰው ወደ አየር አውጡ፤ ሕፃናቱን አስቀድሙ። ምድጃውን ከቤት ማውጣት ከሰዎቹ በኋላ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማጠጣት አይረዳውም፤ ሊያንቀውም ይችላል። የሚያድነው ኦክስጅን ስለሆነ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። የነቃና የተሻለው መስሎ የታየውም ቢሆን መታየት አለበት።

ቡና በቤት ውስጥ ሲፈላም በሩ ክፍት ይሁን፤ ቡናው እንዳበቃ ምድጃው ይውጣ። በመስኮት ስንጥቅ በኩል አየር ይገባል ማለት አያስተማምንም። ለብርዱ ብርድ ልብስ መደረብ፣ ልጆቹን አንድ ላይ ማስተኛት፣ ውኃ አሙቆ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እግራቸው ሥር ማስቀመጥ ይቻላል። ግቢ የምትጋሩ ተከራዮች ከሆናችሁ ይህን ለጎረቤታችሁም ንገሩ፤ በተለይ ከገጠር መጥተው ለሚማሩና ለብቻቸው ለሚኖሩ ልጆች። ማታ ምድጃቸው የት እንደሚያድር ብትጠይቋቸው አይቀየሙም።

የተረፈው ፍምስ በከንቱ ይጥፋ ወይ? አይጥፋ። የአዊ ደጋ ድንች የሚበቅልበት አገር ነው። ዓሣው ከሽቦው እንደወረደ መካከለኛ መጠን ያላቸውን ድንቾች ከነልጣጫቸው አጥባችሁ በፍሙና በአመዱ ውስጥ ቅበሯቸው፤ ምድጃው እዚያው ደጅ ይቆይ። እናንተ ዓሣውን ጨርሳችሁ ዕቃ እስክታጥቡ ድረስ፣ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ይበስላሉ። ልጣጩ ተልጦ፣ ትንሽ ጨውና የኑግ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ለልጆቹ የጠዋት ቁርስና የትምህርት ቤት ምሳ ይሆናል። ቀሪውን ከሰል በቆርቆሮ ከድናችሁ አፍኑት፤ ፈጽሞ እስኪጠፋ ከውጭ ይደር፤ ጠዋት ከአመዱ ለይታችሁ ለሚቀጥለው ዓሣ አስቀምጡት።